ዊንዶውስ ላይ ሆኖ የኢንድ ቱ ኢንድ ቴስት ማዘጋጀት፦ ኮዱም ብራውዘሩም ኡቡንቱ ውስጥ

ኢንድ ቱ ኢንድ ቴስት ዌብ አፕን የሚፈትነው እንደ ተጠቃሚ ሆኖ ነው። ብራውዘር ይከፍታል፣ ፎርም ይሞላል፣ ክሊክ ያደርጋል፣ መምጣት ያለበት ነገር መምጣቱን ያያል። ይህ እንዲሆን ሰርቨሩ፣ ዳታቤዙ፣ ብራውዘሩና የቴስቱ ኮድ በአንድ ጊዜ መሥራት አለባቸው። ከአራቱ አንዱ ካስቸገረ፣ አፑ ላይ ምንም ችግር ባይኖርም ቴስቱ ይወድቃል።

ዊንዶውስ ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ችግር ይበዛበታል። አብዛኞቹ ዌብ አፖች በመጨረሻ የሚሠሩት ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ነው። ሲአይ (ኮድ በተቀየረ ቁጥር ቴስቶችን ራሱ የሚያስኬድ አገልግሎት) ላይ ቴስቱን የሚያስኬደው ማሽንም አብዛኛውን ጊዜ ሊኑክስ ነው። የናንተ ላፕቶፕ ብቻውን ይለያል። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ትልቅና ትንሽ ፊደልን አይለይም፤ ሊኑክስ ይለያል። የመስመር መጨረሻ ምልክታቸውም አይገጥምም። ለሊኑክስ የተጻፉ የሼል ስክሪፕቶች ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ አይሄዱም። ስለዚህ እናንተ ጋ ያለፈው ቴስት ሲአይ ላይ ይወድቃል፤ ሲአይ ላይ ያለፈው እናንተ ጋ አልነሳም ይላል።

እዚህ የምንጠቀመው ፕሌይራይትን ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ነጻ መሣሪያ ነው፤ ክሮሚየምን፣ ፋየርፎክስንና ዌብኪትን ያንቀሳቅሳል። እውነቱን ለመናገር ፕሌይራይት ራሱ ዊንዶውስ ላይ በደንብ ይሠራል። አፓችሁ ትንሽ የኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ፕሮጀክት ከሆነና የሼል ስክሪፕት ከሌለው በቀጥታ ዊንዶውስ ላይ ጫኑት፤ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ማድረግ አያስፈልጋችሁም። የሚያስቸግረው በዙሪያው ያለው ነገር ነው። ዳታቤዝ፣ ስክሪፕት፣ የስክሪንሾት ንጽጽር ካለ ግን ወደ ደብሊውኤስኤል 2 መግባት ይሻላል። ደብሊውኤስኤል 2 ዊንዶውስ ውስጥ እውነተኛ የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) የሚያስነሳ ቀላል ቨርቹዋል ማሽን ነው፤ እዚያ ውስጥ የምንጭነው ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ነው።

ሥራው ሁሉ በአንድ ሕግ ላይ የቆመ ነው። ኮዱ፣ ኖዱ፣ ሰርቨሩ ከነዳታቤዙ፣ ብራውዘሩ ሁሉም ሊኑክስ ውስጥ ይሁኑ። ግማሹ ዊንዶውስ ላይ፣ ግማሹ ኡቡንቱ ውስጥ ሲሆን ነው ሰው ቀኑን ሙሉ ምክንያቱ የማይገባ ኤረር ሲያሳድድ የሚውለው። ዊንዶውስ ላይ የሚቀረው የኮድ ኤዲተሩ መስኮትና ሪፖርት የምታዩበት ብራውዘር ብቻ ነው።

ትእዛዞቹን የጻፍኳቸው በአነባበባቸው ነው። ተርሚናል ላይ ስትተይቧቸው በላቲን ፊደል ይሆናሉ፤ «ሁለት ሰረዝ» ያልኩት ያለ ክፍተት ተከታትለው የሚጻፉትን ሁለት አጫጭር ሰረዞች ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ዊንዶውስ 11 ካላችሁ ችግር የለም። ዊንዶውስ 10 ከሆነ ቢያንስ ቨርዥን 2004 መሆን አለበት፤ የብራውዘር መስኮት ከኡቡንቱ ውስጥ ለማሳየት ደግሞ ቢልድ 19044 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ሲፒዩ ላይ ክሊክ ስታደርጉ ከግራፉ ሥር ቨርቹዋላይዜሽን የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። አጠገቡ መብራቱን ካላሳየ ወደ ባዮስ ገብታችሁ አብሩት። ይህ ሳይስተካከል ሌላው አይሄድም።

ዲስክ ላይ በቂ ቦታ ይኑራችሁ። ብራውዘሮቹ እያንዳንዳቸው በመቶ የሚቆጠር ሜጋባይት ይይዛሉ፤ ኡቡንቱና የፕሮጀክቱ ኖድ ሞጁሎች (ፕሮጀክቱ የሚጠቀምባቸው የወረዱ ጥቅሎች) በዚያ ላይ ይጨመራሉ።

1. ኡቡንቱን መጫን

ፓወርሼልን እንደ አድሚኒስትሬተር ክፈቱ። «ደብሊውኤስኤል»፣ ክፍተት፣ «ሁለት ሰረዝ ኢንስቶል» ብላችሁ ኢንተር በሉ። ሌላ ካልመረጣችሁ የሚጭነው ኡቡንቱን ነው። ሲጨርስ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ። ኡቡንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ይጠይቃል። ፓስወርዱን ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ እየጻፈ ነው፣ አትደንግጡ።

ከዚያ እንደገና በፓወርሼል «ደብሊውኤስኤል ሁለት ሰረዝ ሊስት ሁለት ሰረዝ ቨርቦዝ» በሉ። ቨርዥን በሚለው ዓምድ ሥር 2 መሆን አለበት። 1 ከሆነ «ሁለት ሰረዝ ሴት ቨርዥን» የሚለውን አማራጭ፣ ከዚያ የኡቡንቱውን ስም፣ ከዚያ ቁጥር 2ን አስከትላችሁ ቀይሩት።

ሌላ የሊኑክስ ዓይነት የምትወዱ ካላችሁ ለዚህ ሥራ ስትሉ ተዉት። ፕሌይራይት በይፋ የሚደግፈው ኡቡንቱንና ዴቢያንን ነው። አልፓይን ላይ ደግሞ የፋየርፎክሱና የዌብኪቱ ቅጂ አይሠራም፤ የተዘጋጁት አልፓይን በሌለው የሲ ላይብረሪ ነው።

ኡቡንቱ ውስጥ ገብታችሁ «ሱዶ አፕት አፕዴት»፣ ከዚያ «ሱዶ አፕት አፕግሬድ» ብላችሁ ጨርሱ።

2. ሜሞሪውን መወሰን

ደብሊውኤስኤል 2 በነባሪ የኮምፒውተሩን ራም ግማሽ ድረስ መውሰድ ይችላል። 16 ጊጋባይት ያለው ማሽን ላይ ይህ በቂ ነው፤ አትንኩት። 8 ጊጋባይት ከሆነ 4 ይደርሰዋል። ሦስት ብራውዘር በአንዴ ስትከፍቱበት ይጨናነቃል። ያኔ ሜሞሪ ከመጨመር ይልቅ በአንድ ጊዜ የሚሄዱትን ቴስቶች መቀነስ ነው የሚያዋጣው፤ ዊንዶውሱም መተንፈስ አለበት።

መጠኑን መቀየር ካስፈለገ ዊንዶውስ ላይ በተጠቃሚ ስማችሁ ፎልደር ውስጥ «ነጥብ ደብሊውኤስኤልኮንፊግ» የሚባል ፋይል ፍጠሩ። በመጀመሪያው መስመር በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ደብሊውኤስኤል2፣ በሁለተኛው ሜሞሪ እኩል ይሆናል የምትፈልጉት መጠን። ኖትፓድ የራሱን ቅጥያ መጨረሻ ላይ ሊለጥፍበት ይችላል። ፋይሉን ሴቭ ስታደርጉ የፋይሉን ዓይነት «ሁሉም ፋይሎች» አድርጉት። ከዚያ በፓወርሼል «ደብሊውኤስኤል ሁለት ሰረዝ ሻትዳውን» በሉ። ይህ ካልተደረገ አዲሱ መጠን አይያዝም።

3. ፕሮጀክቱን ወደ ኡቡንቱ ማስገባት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኡቡንቱ ውስጥ ሆናችሁ የዊንዶውሱን ሲ ድራይቭ ማየት ትችላላችሁ፤ ኤምኤንቲ በሚባል ፎልደር ሥር ተቀምጧል። «ፕሮጀክቱ እዚያ አለ አይደል፣ ከዚያው ላስነሳው» ማለት ይመጣል። አታድርጉት።

አንደኛ ይዘገያል። በሁለቱ ሲስተሞች መካከል ፋይል ሲነበብ በአንድ የኔትወርክ ፕሮቶኮል በኩል ያልፋል። አንድ ትልቅ ፋይል ከሆነ ብዙም አይታወቅም። የኖድ ሞጁሎች ፎልደር ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች ሊኖሩት ይችላል። ሰርቨሩ ሲነሳ ያን ሁሉ ሲያነብ ፕሌይራይት ጠብቆ ጠብቆ ተስፋ ይቆርጣል። ሁለተኛ፣ በዊንዶውስ በኩል ፋይል ስትቀይሩ ሊኑክስ ውስጥ ያለው ሰርቨር የለውጡ ምልክት አይደርሰውም። ኮዱን አስተካክላችሁ ቴስቱ አሁንም በአሮጌው ኮድ ላይ ይሄዳል።

ስለዚህ ኡቡንቱ ውስጥ በራሳችሁ የሆም ፎልደር ሥር ፕሮጀክቱን በጊት አዲስ ክሎን አድርጉ። ከዊንዶውስ ኮፒ አታድርጉ። በተለይ የኖድ ሞጁሎችን ፎልደር ፈጽሞ አታምጡት፤ ውስጡ ለዊንዶውስ ብቻ የተሠሩ ፋይሎች አሉ።

ክሎን ካደረጋችሁ በኋላ አንዳንድ ኢምፖርቶች ፋይሉ አልተገኘም ሊሏችሁ ይችላሉ። ደስ ይበላችሁ፤ ሲአይ ላይ ይወድቅ የነበረው ነገር አሁን እናንተ ጋ ታየ ማለት ነው። ኮዱ ውስጥ በትንሽ ፊደል የተጠራው ፋይል በትልቅ ፊደል ተሰይሞ ይሆናል። ስሙን የምትቀይሩት በጊት ሙቭ ትእዛዝ ይሁን። ዊንዶውስ ላይ በፋይል ኤክስፕሎረር የፊደሉን መጠን ብቻ ብትቀይሩ ጊት ላያየው ይችላል።

የመስመር መጨረሻውን ነገር አንድ ጊዜ ጨርሱት። በፕሮጀክቱ ውስጥ ነጥብ ጊትአትሪቢዩትስ የሚባለውን ፋይል ፍጠሩና የጽሑፍ ፋይሎች ሁሉ የመስመር መጨረሻቸው ኤልኤፍ (የሊኑክሱ ምልክት) እንዲሆን እዘዙ። ስክሪፕት ስታስነሱ «ባድ ኢንተርፕሪተር» የሚል ኤረር መጥቶ አጠገቡ ባርኔጣ ምልክትና ኤም ፊደል ካያችሁ፣ የዊንዶውስ የመስመር መጨረሻ ገብቷል ማለት ነው።

ለኤዲተር ቪኤስ ኮድን ከደብሊውኤስኤል ኤክስቴንሽኑ ጋር ተጠቀሙ። በኡቡንቱ ተርሚናል የፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ሆናችሁ «ኮድ»፣ ክፍተት፣ ነጥብ ስትሉ መስኮቱ ዊንዶውስ ላይ ይከፈታል፤ ፋይሉ ግን ሊኑክስ ውስጥ እንዳለ ይቆያል።

4. ትክክለኛውን ኖድ መጫን

ደብሊውኤስኤል የዊንዶውሱን ፓዝ (ትእዛዞች የሚፈለጉባቸውን ፎልደሮች ዝርዝር) በኡቡንቱ ፓዝ ላይ ይጨምራል። ስለዚህ ኡቡንቱ ውስጥ ኖድ ሳትጭኑ «ኤንፒኤም» (የኖድ ጥቅሎችን የሚያወርደው ትእዛዝ) ብትሉ ዊንዶውስ ላይ ያለው ሊመልስላችሁ ይችላል። የሠራ ይመስላል፤ ነገር ግን ለዊንዶውስ የተሠሩ ጥቅሎችን ሊኑክስ ፎልደር ውስጥ ያወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ኤረር ከምን እንደመጣ ለማወቅ ከባድ ነው።

ኤንቪኤምን (የኖድ ቨርዥኖችን የሚያስተዳድረውን መሣሪያ) ጫኑና በእሱ በኩል የኖድን ኤልቲኤስ (ረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለውን) ቨርዥን አውርዱ። ተርሚናሉን ዘግታችሁ ክፈቱ። ቀጥሎ «ዊች ኤንፒኤም» በሉ። መልሱ በሆም ፎልደራችሁ ከጀመረ ጥሩ ነው። በኤምኤንቲ ከጀመረ አሁንም የዊንዶውሱ ነው። የዊንዶውስ ፓዝ እንዳይጨመር ጨርሶ መዝጋትም ይቻላል፤ ግን ያኔ «ኮድ ነጥብ» የሚለው አቋራጭም አብሮ ይጠፋል። እኔ ክፍት ትቼው በዊች ማረጋገጡን እመርጣለሁ።

5. ፕሌይራይትን ማስገባት

በፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ «ኤንፒኤም ኢኒት ፕሌይራይት» በሉ። ጥቂት ጥያቄዎች ይጠይቃል፦ ታይፕስክሪፕት ወይስ ጃቫስክሪፕት፣ ቴስቶቹ በየትኛው ፎልደር ይቀመጡ፣ የጊትሃብ አክሽንስ ፋይል ይጨመር ወይ። ብራውዘሮቹን ላውርድ ሲላችሁ እምቢ በሉት፤ እሱን ለብቻው ብናደርገው ይሻላል።

«ኤንፒኤክስ ፕሌይራይት ኢንስቶል ሁለት ሰረዝ ዊዝ ሰረዝ ዴፕስ» ብላችሁ መጨረሻ ላይ ክሮሚየም የሚለውን ጨምሩ። ዊዝ ዴፕስ የሚለው አስፈላጊ ነው። አዲስ ኡቡንቱ ብራውዘር የሚፈልጋቸው የሲስተም ላይብረሪዎች ላይኖሩት ይችላል፤ ይህ አማራጭ በአፕት በኩል ያመጣቸዋል። ለዚህ ነው ፓስወርድ የሚጠይቀው። ከረሳችሁት ቴስቱ ሲጀምር ሲስተሙ የጎደለው ነገር እንዳለ የሚናገር ረጅም ኤረር ታያላችሁ።

በክሮሚየም ብቻ መጀመር ይበቃል። ሁሉም ነገር ሲረጋ ፋየርፎክስና ዌብኪትን ጨምሩ። ዌብኪት የሳፋሪ ሞተር ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ሳፋሪ ስለሌለ በኋላ ይጠቅማችኋል።

6. ሰርቨሩና ዳታቤዙ

በፕሌይራይት ኮንፊግ ፋይል ውስጥ ዌብ ሰርቨር የሚባል ክፍል አለ። አፑን የሚያስነሳውን ትእዛዝና የሚጠበቀውን አድራሻ እዚያ ስጡት። ፕሌይራይት ሰርቨሩን ራሱ ያስነሳል፣ እስኪመልስ ይጠብቃል፣ ሲጨርስ ይዘጋዋል። በነባሪ የሚጠብቀው 60 ሴኮንድ ነው። አፓችሁ ለመነሳት የሚቆይ ከሆነ ጨምሩለት። የተነሳ ሰርቨር ካለ እሱኑ እንዲጠቀም የሚያዝ አማራጭም አለ፤ ላፕቶፓችሁ ላይ ይብራ፣ ሲአይ ላይ ይጥፋ።

ዳታቤዙን ኡቡንቱ ውስጥ ጫኑት። ዊንዶውስ ላይ ፖስትግሬስ ስላላችሁ ብቻ ከዚያ ልጠቀም አትበሉ። ሎካልሆስት ማሽኑ ራሱን የሚጠራበት አድራሻ ነው፤ በነባሪው የኔትወርክ አሠራር የኡቡንቱ ሎካልሆስትና የዊንዶውስ ሎካልሆስት የተለያዩ ናቸው። ዊንዶውስ ላይ ሆናችሁ ኡቡንቱ ውስጥ ያለ ሰርቨር በሎካልሆስት ይከፈትላችኋል። በተገላቢጦሽ ግን ግንኙነቱ ውድቅ ይሆናል። ዊንዶውስ 11 ከ22ኤች2 ጀምሮ ሚረርድ የሚባል የኔትወርክ አማራጭ አለው፤ ይህን ልዩነት ያጠፋል። ቢሆንም ዳታቤዙ ኡቡንቱ ውስጥ ካለ እሱም አያስፈልግም።

አድራሻውን በተመለከተ ሎካልሆስት ከማለት 127.0.0.1 ብላችሁ ጻፉ። ከኖድ 17 ጀምሮ ሎካልሆስት የሚለው ስም ወደ አይፒ ቨርዥን 6 አድራሻ ሊመራ ይችላል። ሰርቨሩ የሚያዳምጠው በቨርዥን 4 ብቻ ከሆነ አይገናኙም። የመረጣችሁትን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አድርጉት፤ ለብራውዘሩ ሁለቱ የተለያዩ ሳይቶች ስለሆኑ የአንዱ ኩኪ ለሌላው አይሠራም።

ለቴስት የተለየ ዳታቤዝ ይኑር። እያንዳንዱ ቴስት የሚያስፈልገውን ዳታ ራሱ ይፍጠር። አንዱ ቴስት ሌላው የተወውን ዳታ ከጠበቀ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን የሄዱ ቀን ይጣላሉ።

7. የመጀመሪያው ቴስት

ከሎግኢን ጀምሩ። እሱ ከሠራ ሰርቨሩ፣ ዳታቤዙ፣ ኩኪውና ብራውዘሩ ሁሉም እየተነጋገሩ ነው። ገጹን ክፈቱ፣ በሌብሉ ስም ፊልዶቹን ሙሉ፣ በሮሉና በስሙ በተኑን ክሊክ አድርጉ፣ ከገባ በኋላ የሚመጣው ርእስ መታየቱን አረጋግጡ። ከሲኤስኤስ ክላስ ይልቅ ተጠቃሚው በሚያየው ስም ፈልጉ፤ ዲዛይኑ ሲቀየር ቴስቱ አይሰበርም።

«ሦስት ሴኮንድ ጠብቅ» የሚል መስመር አታስገቡ። ፕሌይራይት ክሊክ ከማድረጉ በፊት ራሱ ይጠብቃል፤ ገጹን የሚመለከቱ ማረጋገጫዎችም በነባሪ እስከ 5 ሴኮንድ ደጋግመው ያያሉ። በቁጥር የተወሰነ መጠበቂያ ፈጣን ማሽን ላይ ጊዜ ያባክናል፣ ቀርፋፋ ማሽን ላይ አይበቃም።

የአፓችሁ ጽሑፍ በግዕዝ ፊደል ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፍለጋው የሚያወዳድረው ፊደል በፊደል ነው። በተኑ ላይ በንጉሡ ሠ የተጻፈውን ቃል ቴስቱ ውስጥ በእሳቱ ሰ ብትጽፉት አይገኝም። ሀ፣ ሐ፣ ኀም እንደዚያው። አጻጻፉ በቡድኑ ውስጥ ካልተወሰነ ለእነዚህ በተኖች ቴስት አይዲ (ለቴስት ብቻ የሚሰጥ መለያ ስም) መስጠት ያሳርፋል።

8. ማየትና መመርመር

ቴስቶቹ በነባሪ የሚሄዱት ብራውዘሩ ሳይታይ ነው። ማየት ስትፈልጉ «ኤንፒኤክስ ፕሌይራይት ቴስት» በሚለው የቴስቱ ትእዛዝ ላይ «ሁለት ሰረዝ ሄድድ» ጨምሩ። የሊኑክሱ ክሮሚየም መስኮት ዊንዶውስ ላይ ይከፈታል። ካልተከፈተ በፓወርሼል «ደብሊውኤስኤል ሁለት ሰረዝ አፕዴት» ብላችሁ፣ ሻትዳውን አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ። ከዚህ የበለጠ የሚጠቅመው «ሁለት ሰረዝ ዩአይ» የሚለው ነው፤ እያንዳንዱን እርምጃ ወደኋላ ተመልሳችሁ ታያላችሁ። የኤችቲኤምኤል ሪፖርቱን ስታስነሱ በፖርት 9323 ይከፈታል። በዊንዶውሱ ብራውዘር በሎካልሆስት ግቡበት።

ትሬስን (የቴስቱን እርምጃዎች ዝርዝር ቅጂ) በመጀመሪያው ድጋሚ ሙከራ ላይ እንዲቀረጽ አድርጉት። ድጋሚ ሙከራውን ሲአይ ላይ ብቻ ፍቀዱ። ላፕቶፓችሁ ላይ ግን ዜሮ ይሁን፤ አልፎ አልፎ የሚወድቅ ቴስት እናንተ ፊት ቢወድቅ ይሻላል።

9. ስክሪንሾት የምታወዳድሩ ከሆነ

ፕሌይራይት የማወዳደሪያውን ስክሪንሾት ሲያስቀምጥ የብራውዘሩንና የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ስም በፋይሉ ስም ላይ ይጨምራል። ምክንያቱም ፎንት በየሲስተሙ የተለያየ ሆኖ ይሳላል። ዊንዶውስ ላይ የተነሱ የቆዩ ስክሪንሾቶች ካሉ አጥፏቸውና ኡቡንቱ ውስጥ አዲስ አንሱ። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ገጽ ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል፤ ዊንዶውስ 10 የሚጠቀምበት ኢብሪማ ኡቡንቱ ላይ የለም። ጥሩው መፍትሔ ፎንቱን ከአፑ ጋር እንደ ዌብ ፎንት አብሮ ማቅረብ ነው። ያ ካልሆነ ኖቶ የተባለውን የፎንት ጥቅል ኡቡንቱ ላይም ሲአይ ላይም ጫኑ።

የሲአዩ ኡቡንቱ ከናንተ የተለየ ቨርዥን ከሆነ አሁንም ጥቂት ፒክሰል ሊለያይ ይችላል። ያኔ ስክሪንሾቱን በፕሌይራይት የዶከር ኢሜጅ (ሊኑክሱም ብራውዘሮቹም አብረው በታሸጉበት ጥቅል) ውስጥ አንሱ፣ ሲአዩም እሱኑ ይጠቀም። የኢሜጁ ቨርዥን ፕሮጀክቱ ውስጥ ካለው የፕሌይራይት ቨርዥን ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ብራውዘሩ አልተገኘም ይላል።

10. ቴስቱ አንዴ ሲያልፍ አንዴ ሲወድቅ

መጀመሪያ ወርከሮቹን (ጎን ለጎን ቴስት የሚያስኬዱትን ፕሮሰሶች) እዩ። ፕሌይራይት በነባሪ የሲፒዩ ኮሮችን ግማሽ ያህል ወርከር ያስነሳል። ራም ባነሰው ማሽን ላይ ይህ ብዙ ነው። ገጹ ክራሽ አደረገ የሚል መልእክት ካያችሁ ወደ 2 ወይም ወደ 1 አውርዱት። ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ያልቃል።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ላፕቶፑ ተኝቶ ሲነሳ የኡቡንቱው ሰዓት ወደኋላ ሊቀር ይችላል። ያኔ የሎግኢን ቶክን (መግባታችሁን የሚያረጋግጠው ኮድ) ጊዜው አልደረሰም ተብሎ ይመለሳል፣ ትላንት ያለፈው ሁሉ ዛሬ ይወድቃል። በኡቡንቱ ተርሚናል «ዴት» ብላችሁ ከዊንዶውሱ ሰዓት ጋር አስተያዩ። ካልገጠመ ደብሊውኤስኤልን ሻትዳውን አድርጋችሁ ክፈቱት። ቀን የሚያሳዩ ገጾችን የምትፈትኑ ከሆነ ደግሞ የሰዓት ቀጠናውን ኮንፊጉ ውስጥ በስም ጻፉት።

ሦስተኛው የተያዘ ፖርት ነው። በፊት ዊንዶውስ ላይ የጀመራችሁት ሰርቨር አሁንም እየሄደ ይሆናል። እናንተ በብራውዘር የምታዩት አሮጌው አፕ ነው፤ ቴስቱ የሚያየው ኡቡንቱ ውስጥ ያለውን አዲሱን። ሁለት የተለያየ ነገር እያያችሁ ስህተት መፈለግ አድካሚ ነው። የዊንዶውሱን ዝጉት፤ የድሮውን የፕሮጀክት ፎልደርም ከሲ ድራይቭ አጥፉት። ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ፑሽ ያልተደረገ ነገር እንደሌለው እዩ።

ሁሉም ሲረጋ አንድ የመጨረሻ ፍተሻ አድርጉ። ደብሊውኤስኤልን ሻትዳውን በሉ፣ አዲስ ተርሚናል ክፈቱ፣ ወደ ፕሮጀክቱ ግቡና የቴስቱን ትእዛዝ ብቻ ጻፉ። ቴስቱ ካለፈ ጨርሳችኋል። ዳታቤዙን በእጅ ማስነሳት ካስፈለገ፣ ኡቡንቱ ውስጥ ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ባለው «ደብሊውኤስኤል ነጥብ ኮንፍ» ፋይል (በክፍል 2 ካለው የተለየ ነው) ሲስተምዲን (ሊኑክስ ሲነሳ አገልግሎቶችን የሚያስነሳውን) አብርታችሁ ኡቡንቱ ሲከፈት ራሱ እንዲነሳ አድርጉ። ሌላ በእጅ የጀመራችሁት ነገር ካለ ደግሞ ዌብ ሰርቨር በሚለው ክፍል ውስጥ ጨምሩትና ፍተሻውን ከሻትዳውኑ ጀምራችሁ ድገሙ።